ባዶ ባልዲ አይመለስም

የካቲት 3፣ ሰኞ

ይሄን ደብተር የሰጠችኝ ዙለይካ ናት። አንድ ክፍል ተጋርተን ነው የምንኖረው፤ እሷ ከሁሩታ፣ እኔ ከቡልቡላ፣ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አዳማ ይማሩ ተብለን የተላክን። "አንቺ ስትናደጂም ስትደሰቺም ግድግዳውን ነው የምታናግሪው፤ ለግድግዳው እዘኚለትና እዚህ ላይ ጻፊ" አለችኝ። ስጦታው ደግሞ ትእዛዝ አለው፤ በጻፍኩ ቁጥር አንድ የማመሰግንበት ነገር ማግኘት አለብኝ። እሺ። ለዛሬ አከራያችን እትዬ ሸዋወርቅ። ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ምላሳቸው ከመርፌያቸው ይብሳል፣ ግን መብራት ሲጠፋ ፋኖሳቸውን ለኛ ሰጥተው እሳቸው በጨለማ ይቀመጣሉ። ተመስገን።

ስለ ባልዲውም ልጻፍ፣ ያለሱ የኔ ነገር አይገባም። እናቴን አዮ ነው የምላት። ቡልቡላ አስፋልቱ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። አባቴ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ስንቅ ትልክልኛለች፤ ጭኮ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴ ቅቤ፣ በነጭ የቀለም ባልዲ። የሚያመጡልኝ ሽንኩርት ጭነው ወደ አዳማ የሚመላለሱት ባለ አይሱዙው ጋሽ አብዱናሲር ናቸው። እንዳይቀየር ብለው በሁለቱም ባልዲ ክዳን ላይ ስሜን በማርከር፣ በትልልቁ የላቲን ፊደል ጽፈውበታል። ሙሉው ሲመጣ ባዶው ይሄዳል።

ባዶው ስል፣ ባዶውን አይደለም። በኛ ቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፣ ነውር ነው። አምና "ታዲያ ምን ልከትበት? ምን አለኝ?" ብላት፣ አዮ "አስተማሪሽ ያረመልሽን ወረቀት ክተችበት" አለችኝ። አዮ ፊደል አልቆጠረችም፤ ራይት ግን ትቆጥራለች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ራይቱን አንድ በአንድ በጣቷ ትነካና ሣጥኗ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። እስካሁን የላኩት ሁሉ ራይት የሞላበት ነው። ማትሪክን አልፌ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ከኔ በላይ የምታምነው እሷ ናት።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ባልዲው መጣ። ጭኮው ገና ሳይከፈት ይሸታል። ባዶው ውስጥ የፊዚክስ ወረቀቴን ከተትኩ፣ ሰማንያ ሁለት። ተመስገን።

ሌላ ወሬ፤ ሉሊት አጠገቤ ተቀመጠች። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም አጠገቧ ሊቀመጥ የሚፈልጋት ሉሊት! እናቷ ቤይሩት ናት፣ ከወንድሟ ከኪሩ ጋር ነው የምትኖረው። "አንቺ ጎበዝ ነሽ አሉ፣ ለምን አብረን አናጠናም?" አለችኝ። ጸጉሬን በገዛ እጇ ሠርታልኝ "እንዲህ ፏ በይ እንጂ፣ ምን ሆነሽ ነው ራስሽን የምትደብቂው" አለች። እንዲህ ብሎ ያየኝ ሰው የለም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ከሰዓት ትምህርት ስለሌለን እነሉሊት ቤት አጠናን። አምስት ነን። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ዋይፋይ አለው፣ ፍራሽ ተነጥፎ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚጠናው። ጫት ይቅማሉ። እኔ አልቃምኩም። ኪሩ "ዩኒቨርሲቲ ሁሉም በዚህ ነው የሚያነበው፤ ለጥናት እንጂ ለሱስ አይደለም" አለ። እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጁ ሲናገር ረጋ ብሎ ነው፣ ዓይን ዓይንሽን እያየ። ይሄ ከጥናቱ ጋር አይገናኝም፣ ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ለዙለይካ ላይብረሪ ነበርኩ አልኳት። መጽሐፍ ባለበት ሁሉ ላይብረሪ ነው።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ዛሬ የገባኝ ነገር! ካልኩለስ ምን ማለት እንደሆነ ገና ዛሬ ገባኝ! አራት ምዕራፍ ጨረስን፣ አራት! ሁሉም ነገር እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፣ ቲቸር ገላና ዓመቱን ሙሉ ለምን እንዲህ አያስረዳም? የልብ ሐኪም እሆናለሁ። ቡልቡላ ላይ ሆስፒታል እከፍታለሁ፣ ፎቅ፣ ከላይ ሲቆሙ አብያታ ሐይቅ የሚታይበት። አዮ ከእንግዲህ ፀሐይ ላይ አትቀመጥም፣ የሆስፒታሉ በር ላይ በጥላ ትቀመጥና የገባ የወጣውን ሰላም ትላለች። ለጋሽ አብዱናሲር አዲስ አይሱዙ። ለዙለይካ ፋርማሲ። ለእትዬ ሸዋወርቅ ጥርስ አስተክልላቸዋለሁ፣ የወርቅ። ሰውን ሁሉ ወደድኩት። ኪሩ እንዳለው አእምሯችንን አሥር በመቶ ብቻ ነው የምንጠቀመው። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፣ ውሃ ብቻ ይጠማኛል። ሁለት ቅጠል ነው የቀመስኩት፣ ለመቅመስ ያህል። ተመስገን ተመስገን ተመስገን።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ሒሳብ ተፈተንን። አራቱ ምዕራፍ የት ገባ? ወረቀቱ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። ሥራችሁን አሳዩ ከተባለው አንዱን ግን አንድ ገጽ ሙሉ፣ በሚያምር ጽሕፈት ሠራሁ። ስንወጣ ለዙለይካ ብነግራት "እንደሱ ዓይነት ጥያቄ እኮ አልነበረም" አለችኝ። እነሉሊት እየጠበቁኝ ነው።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ግቢያችን ውስጥ ሁሉም ሰው ጾመኛ ነው። ዙለይካ ረመዳን፣ እትዬ ሸዋወርቅ ሁዳዴ። ማታ ዙለይካ ስታፈጥር እትዬ የምስር ሾርባ ይዘውላት ይመጣሉ፣ እሷ ቴምር ትሰጣቸዋለች፣ እኔ መሀል ቁጭ ብዬ አልበላም። አፌ ይደርቅብኛል፣ ምግብ ያስጠላኛል።

ዛሬ በር ላይ እትዬ ሸዋወርቅ አስቆሙኝ። ድሬሰር ናቸው እንግዲህ፣ የዓይኔን ሽፋን በአውራ ጣታቸው ገልበጥ አድርገው አዩኝ።

"ሶረቲ፣ መቼ ነው የተኛሽው?"

"ጥናት በዝቶብኝ ነው እትዬ።"

"ይሁን። 'ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች' ሲባል ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እኔ ምንም አላልኩም። ተረት ነው የነገርኩሽ" ብለው ገቡ።

ተናድጃለሁ! ምን አገባቸው? ኪራያቸውን ይቀበሉ። ደግሞ ጊደር አሉኝ። ለሉሊት ብነግራት እየሳቀች መሬት ተንከባለለች። ዛሬ የማመሰግንበት ነገር አላገኘሁም፣ ነገ ሁለት እጽፋለሁ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ሠላሳ ስምንት።

ከመቶ ሠላሳ ስምንት። ቲቸር ገላና ወረቀቱን ሲሰጠኝ ስሜን ሁለት ጊዜ አነበበው። "ያንቺ ነው?" አለኝ። ራይቱን ቆጠርኩት፣ አሥራ ዘጠኝ። ዙለይካ ዘጠና አመጣች። እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አጥንታ፣ ዘጠና!

እነሉሊት ቤት ያነበብኩት በበነጋው እንደማይገኝ አሁን ገብቶኛል። ስለዚህ ከፈተና በፊት ባለው ቀን አልሄድም። በቃ፣ ይሄ ነው መፍትሔው።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ባልዲ ላክሁ። ጥሩ ወረቀት ከተትኩበት፣ ራይት የሞላበት። አዮ ደስ ይላታል። ሌላ የምጽፈው የለም።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ዙለይካ የሒሳብ ወረቀቷ ጠፋባት። የተሳሳተቻቸውን አምስት ጥያቄዎች መልሳ ልትሠራ ፈልጋ ነው። አልጋ ሥር፣ ፍራሽ ሥር፣ ደብተር በደብተር አየች፤ ጾሟን ስለሆነች ጎንበስ ቀና ስትል ያዞራታል። "እኔ እኮ ዕቃ የምጥል ሰው አልነበርኩም" እያለች በራሷ ተበሳጨች። እኔም አብሬያት ፈለግኩ። ሻንጣዬን ሳይቀር ከፍቼ አሳየኋት። አላገኘነውም።

ራሴን አሞኛል። ዛሬም የሚመሰገን ነገር አልታየኝም።

መጋቢት 14፣ እሑድ

በየቀኑ አይደለም የምሄደው። ሰኞ አልሄድኩም። ሰኞ ሉሊት ስላልነበረች ነው፣ ግን አልሄድኩም።

ዛሬ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ኪሩ ከውስጥ "ባልዲዋ አልመጣችም?" ሲል ሰማሁ። ሉሊት "ትመጣለች፣ የት ትሄዳለች" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ገብቼ አብሬ ሳቅሁ። ሲቀልዱ ነው፣ ጓደኛ ይቀልዳል። የሚያስቀውስ ያስቃል፣ በአንድ የቀለም ባልዲ አዳማ የገባች ልጅ። ጭኮውን ግን ሁሉም ነው የሚወደው። ሳምንት ሳይሞላ አልቋል።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ዛሬ የባልዲ ቀን ነበር። አራት ሰዓት ላይ አትክልት ተራ መድረስ ነበረብኝ። ሉሊት የዳንስ ቪዲዮ እንቅረጽ ብላ እነሱ ቤት ቆየሁ። ስንደንስ፣ ስንደግም፣ ስንቅም፣ ሰዓቱን ያየሁት ስድስት ተኩል ሲሆን ነው። ሮጥኩ። ባዶውን ባልዲ እንኳ አልያዝኩም።

ጋሽ አብዱናሲር አሉ። መኪናቸው ተራግፎ አልቋል፣ ሌላው ሹፌር ሁሉ ሄዷል። የረመዳን የመጨረሻ ቀን፣ ውሃ ሳይቀምሱ፣ በዚያ የአዳማ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመው ጠብቀውኛል። ባልዲውን ጥላው ውስጥ አስቀምጠው እሳቸው ፀሐዩ ላይ ናቸው። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ቀበርኩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ደህና ነሽ?" አሉኝ። "ልጄ" ማለታቸው ነው። "እኔ የሆነ ነገር ደርሶብሽ መስሎኝ ነው። ለእናትሽ አላገኘኋትም ብዬ እንዴት እመለሳለሁ?"

አፌን መክፈት ፈራሁ፣ ይሸታቸዋል ብዬ። ፊቴን አየት አደረጉና ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ምን እንዳዩ አልጠየቅኩም።

"እናትሽ መልእክት ልካለች። 'ባልዲው ውስጥ ያለው ወረቀት የሌላ ልጅ ነው፤ እናቷ ትፈልገዋለች፣ መልሺላት በላት' ነው ያለችው። የምን ወረቀት እንደሆነ አላውቅም። ብቻ፣ አምና ስምሽን ክዳኑ ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዋ ፊደል የትኛዋ ናት ብላኝ፣ ይቺ እባብ የምትመስለው ኤስ ናት ብያት ነበር። ባለፈው ሳምንት ክዳኑን ይዛ መጥታ ደግማ ጠየቀችኝ። 'እባብ ከሌለች የሶረቲ አይደለም ማለት ነው?' አለችኝ። አይደለም አልኳት። ክዳኑን ይዛ ሄደች።"

ባልዲውን ተሸክሜ በእግሬ ነው ወደ ቤት የመጣሁት። አልከፈትኩትም።

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ኢድ

ዙለይካ ትናንት ማታ ሁሩታ ገባች። ክፍሉ ውስጥ እኔና ባልዲው ብቻ ነን።

ጠዋት ከፈትኩት። ላዩ ላይ ቆሎ፣ ከሥሩ ጭኮ፣ ከጭኮው ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ የዙለይካ ወረቀት። ቅቤ እንኳ እንዳይነካው ሁለት ፌስታል ነው ያደረገችለት። አራት ቦታ አጣጥፋዋለች፣ የኔዎቹን እንደምታጥፋቸው ሁሉ።

እንግዲህ ልጻፈው። መጋቢት 6 የዙለይካን ወረቀት ከደብተሯ አውጥቼ ባልዲው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። አዮ አታነብም ብዬ። ራይት ብቻ ነው የምትቆጥረው ብዬ። አርባ አምስት ራይት ስታይ ደስ ይላታል ብዬ። በእናቴ አለማንበብ ነገድኩበት። ይሄን የሚሠራ ሰው ምን ይባላል?

እሷ ደግሞ ሣጥኗን ከፍታ፣ ያለፉትን ወረቀቶች አውጥታ፣ ከባልዲው ክዳን ጋር አንድ በአንድ ስታስተያይ ታየኝ። ራይቱ ሞልቶ ሳለ፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት በሚያልፈው ወረቀት ላይ እሷ ስሜን ፈለገች። ለካስ አዮ አንድ ቃል ታነባለች። ያቺ አንድ ቃል እኔ ነኝ።

አልሰደበችኝም። ዋሸሽኝ አላለችም። "እናቷ ትፈልገዋለች" ነው ያለችው። ዱላ ብትልክልኝ ይሻለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። እትዬ ሸዋወርቅ በሩን ሳያንኳኩ ገብተው አዩኝና፣ ምንም ሳይጠይቁ አጥሚት ሠርተው አመጡልኝ። እኔ ጊደር ስላሉኝ ሳኮርፋቸው ነው የከረምኩት። ጠጣሁት። ተመስገን ለማለት አፈርኩ፣ ግን ተመስገን።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ዙለይካ ተመለሰች። የኢድ ብስኩት ይዛልኝ መጥታ። ብስኩቱን ከመቀበሌ በፊት ወረቀቱን ሰጠኋት፣ ሁሉንም ነገርኳት፣ ጫቱንም ላይብረሪውንም።

ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ መልሳ "ወረቀቱ አይደለም" አለች። "ወረቀቱን ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር። ያንን ቀን ጾሜን አልጋ ሥር ስገባ አብረሽኝ መፈለግሽ ነው።"

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ብስኩቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አልነካሁትም።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ጠዋት ስነሳ ብስኩቱ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹን በልታ ግማሹን ደብተሬ ላይ አስቀምጣልኛለች። ዛሬ እንኳ ለምን እንደማመሰግን ግልጽ ነው።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ሉሊት በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ትናንትም ከትናንት ወዲያም ቀረሽ፣ ዛሬ ትመጫለሽ አይደል?"

"አልመጣም።"

"ነገስ?"

"ነገም።"

"አቦ ፋራ አትሁኚ!"

"ድሮም ፋራ ነኝ፣ ሉሊት። ከፈለግሽ አንቺ ነይ። ከሰዓት ከሰዓት እትዬ ሸዋወርቅ በረንዳ ላይ ነው የምናነበው። ጫት የለም፣ ቆሎ አለ።"

ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አቆመችና "አንቺም ተለየሽኝ በይኛ" ብላ ሄደች። ቃሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ለካ እሷም ብቻዋን ናት። ያ ትልቅ ቤት ለዋይፋይና ለፍራሽ ይበቃል እንጂ እናት የለበትም። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ይሄን ማንም ቢለኝ እጣላዋለሁ። እኔ ግን እዚያ ቤት ስገባ ራሴን በር ላይ ትቼ ነበር የምገባው።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ባልዲውን በጠዋት አጠብኩት። ሠላሳ ስምንቱን ወረቀት አወጣሁ። ስሜ አናቱ ላይ አለ፣ እባቧም አለች። ሦስት ጊዜ ከትቼ ሦስት ጊዜ አወጣሁት።

ዙለይካ እያየችኝ ነበር። "ባዶውን ብትልኪውስ?" አለችኝ።

"ባዶ አይመለስም።"

ከተትኩት። አራት ሰዓት ሳይሞላ አትክልት ተራ ነበርኩ። ጋሽ አብዱናሲር ሰዓታቸውን አይተው "እሰይ!" አሉ። ያለፈውን አላነሱብኝም። ስለእሳቸው ተመስገን።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ስቅለት። እትዬ ሸዋወርቅ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ውለው ወገባቸውን ይዘው መጡ። ባልዲው ቡልቡላ ከደረሰ ስድስት ቀኑ ነው። አዮ ስልክ አልደወለችም። ሁሌም የጎረቤት ስልክ ተውሳ ነው የምትደውለው፣ ስለዚህ ምንም ማለት አይደለም። ምንም ማለት አይደለም እያልኩ ቀኑን ሙሉ አንድ ገጽ አነበብኩ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

መልሱ መጣ። ጋሽ አብዱናሲር እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ፣ አንድም ቃል ሳልጨምር።

"ወረቀቱን ይዛ መጣችና ስንት ነው አለችኝ። ሠላሳ ስምንት አልኳት። ከስንት አለች። ከመቶ አልኳት። እኔ ደግሞ ምነው በዋሸኋት ብዬ ተጸጸትኩ። ከዚያ 'ስሟ አለበት አይደል?' አለችኝ። አለበት አልኳት። 'በቃ፣ የኔ ልጅ ናት' ብላ አጥፋ ይዛው ገባች።"

እዚያው ሽንኩርት ተራ ቆሜ አለቀስኩ። ለማልቀስ ጥሩ ቦታ ነው፣ ምን ሆንሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።

ቤት ስደርስ ባልዲው ውስጥ ሁለት ጭኮ አለ። አንዱ ለብቻው በነጭ ጨርቅ ተቋጥሯል። ጋሽ አብዱናሲር "ያኛው ለባለወረቀቷ ልጅ ነው" ብለውኛል። ዙለይካ ቋጠሮውን ስትፈታ እሷም አልቻለችም። ሁለታችንም እያለቀስን ጭኮ በላን፣ እትዬ ሸዋወርቅ በመስኮት አይተው "ምን ዓይነት ጉድ ነው፣ ጭኮ እየበሉ ለቅሶ!" አሉ። ተመስገን። ዛሬ ከልቤ ነው።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ስልኬን ለእትዬ ሸዋወርቅ ሰጠኋቸው። ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት፣ በቀን አንድ ጊዜ አዮ ትደውል እንደሆን እናያለን።

ቲቸር ገላና ጋ ሄጄ ከየት ልጀምር አልኩት። "ያንን አንድ ገጽ የሠራሽውን ጥያቄ መልሱን አላረምኩልሽም፣ ጥያቄው ስላልነበረ። ግን አሠራሩ ትክክል ነበር" አለኝ። ስቄ ልሞት። በሳምንት ሁለት ቀን ምሳ ሰዓቱን ሰጠኝ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ልደብቅ አልችልም። ዛሬ እነሉሊት በር ድረስ ሄድኩ። ራሴን ያዞረኝ፣ ዓይኔ ፊደል እምቢ ያለኝ ቀን ነበር፤ ዛሬ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ አልኩ። እጄን ላንኳኳ አንስቼ ባልዲው ትዝ አለኝ። ቆምኩ። ተመለስኩ። መንገድ ላይ ኪሩ አይቶኝ "ባልዲዋ!" ብሎ ጮኸ።

"አቤት!" አልኩት። የሚለው ጠፋው።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

የዙለይካ አዲስ ዘዴ፤ ያጠናሁትን ሁሉ ለእትዬ ሸዋወርቅ ማስረዳት። ዛሬ ስለ ከርቭ ሳስረዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው "ታዲያ ይቺ መስመር ወደ ዜሮ እየተጠጋች የማትደርሰው ምን ሆና ነው?" አሉ። ለእሳቸው መልስ ስፈልግ ለራሴ ገባኝ። ያለ አንድ ቅጠል! ማታ መልሼ ፈለግኩት፣ አለ፣ እዚያው ነው ያለው።

ሰኔ 8፣ እሑድ

የሞዴል ፈተና ውጤት። ሒሳብ ስልሳ አራት። ሌሎቹም ከስልሳ በታች የለም። የድሮዋ ሶረቲ በዚህ ታለቅስ ነበር። እኔ ዘለልኩ። ገና ብዙ ይቀረኛል፣ ጊዜው ግን አጭር ነው፣ ያ የባከነው የካቲትና መጋቢት ይቆጨኛል።

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሉሊት ናት። ፊቷን ሳትቀባ። "ቆሎው አለ?" አለችኝ። ዙለይካ ተነስታ ቦታ ለቀቀችላት። ብዙ አልተናገርንም። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀመርን። ይዘልቅ እንደሆነ አላውቅም፣ ለዛሬው ተመስገን።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ነገ ፈተና ወደምንፈተንበት ዩኒቨርሲቲ እንገባለን። ልብሴን አጣጥፌያለሁ፣ መታወቂያዬ ትራሴ ሥር ነው። ሉሊት በሁለት ቀን አንዴ ነው የመጣችው፣ ግን መጣች። ነገ አውቶቡሱ ላይ አብረን እንቀመጣለን።

ጠዋት የመጨረሻውን ስንቅ ልቀበል ሄድኩ። በሶ ነው፣ ለመንገድ። ጋሽ አብዱናሲር ባልዲውን ሲያቀብሉኝ ፊት ፊቴን ያዩኛል።

"ምነው?" አልኳቸው።

"ክዳኑን እይው።"

ማርከሩ ለቅቆ ነበር፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ስሜ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ቀርቶት ነበር። አሁን እንደገና ተጽፎበታል። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘመሙ። የመጀመሪያዋ እባብ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራለች።

"እርስዎ ነዎት የጻፉት?"

"እኔማ ማርከሩን ነው ያዋስኳት" አሉኝ። "ወረቀትሽን አጠገቧ ዘርግታ ስትጽፍ ዋለች። ያንን ሠላሳ ስምንቱን። ስምሽ ጎልቶ የሚታየው እሱ ላይ ነው አለች።"

ክዳኑን ደረቴ ላይ ይዤ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እሳቸውም አላጣደፉኝም። የምመልሰው ባዶ ባልዲ በእጄ ነበር፤ ውስጡ የሞዴል ፈተናዬን ከትቼበታለሁ። አልበቃኝም።

እዚያው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ከዚህ ደብተር አንድ ቅጠል ገነጠልኩ። ከጋሽ አብዱናሲር ማርከሩን ተቀብዬ፣ በትልልቁ የላቲን ፊደል፣ እስከ ወረቀቱ ዳር፣ የእናቴን ስም ጻፍኩ። ቡዜ። አጥፌ ባልዲው ውስጥ ከተትኩት።

"ይሄ የማነው ትልኛለች" አሉ ጋሽ አብዱናሲር።

"ያንቺ ነው በሏት። በእባብ አይጀምርም፣ ሁለት ሆድ ባላት ፊደል ነው የሚጀምረው። ከፈተና ስመለስ ራሴ መጥቼ ሌሎቹን አሳያታለሁ።"